ሃያ ሦስት ፊርማ ከሃያብለ

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርሽ ለአክስቴ ልጅ ለእትዬ ፀዳል፣ ጅቡቲ ከተማ።

የዚያ አገር ሙቀት እንዳይጎዳሽ፣ የምትውይበት ቤት ሰላም እንዲሆንልሽ፣ ወጥተሽ በገባሽ ቁጥር ፈጣሪ እንዲጠብቅሽ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ደህና ነን። መተሐራ ያለው አባቴም ጉልበቱን ከሚያመው በቀር ደህና ነው፤ ባገኘኝ ቁጥር «የእህቴን ልጅ ምነው ረሳሃት?» እያለ ይወቅሰኛል።

ከተጻጻፍን አራት ዓመት ማለፉን አውቃለሁ። የሥራ ነገር ነውና አትቀየሚኝ። አሁን በመሥሪያ ቤታችን የሕግ ማርቀቅ ክፍል ከፍተኛ ባለሙያ ሆኛለሁ። በጎረቤት አገሮች በቤት ሠራተኝነት ስለሚሠሩ ዜጎች አንድ አዋጅ እያረቀቅን ነው። ረቂቁ ወደ ምክር ቤት ከመሄዱ በፊት ባለድርሻ አካላት እንዲመክሩበት ግድ ስለሆነ፣ የምክክር መድረኩ እዚያው ጅቡቲ በአንድ ሆቴል አዳራሽ ማክሰኞ ታኅሣሥ 8 ቀን ይካሄዳል። ኤጀንሲዎችና አሠሪዎች ተጠርተዋል። የሠራተኞቹ ድምፅ ግን ጎድሎናል።

አንቺን ያሰብኩት ለዚህ ነው። በዚያ ያሉት ሴቶች እንደሚሰሙሽ አውቃለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ረቂቁንና ሃያ አምስት ቅጽ ልኬልሻለሁ። እያንዳንዷ ስሟን፣ አስተያየቷንና ፊርማዋን እንድታሰፍር አድርገሽ በቶሎ ላኪልኝ። የሚያደርሰውም የሚመልሰውም መርሻ ነው፤ የሰፈራችን ልጅ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ። በየአሥር ቀኑ ነፃ የንግድ ቀጠናው ውስጥ ያራግፋል።

ለእናንተው የሚጠቅም ሥራ ነውና አደራሽን።

ወንድምሽ ዋለልኝ ሙላው


ጅቡቲ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለዋለልኝ።

ጤና ይስጥህ። ለአባትህ ጉልበት ምሕረቱን ያውርድለት፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

መርሻ ማዕከላዊ ገበያ ዓሣ ስገዛ አግኝቶኝ ፖስታህን ሰጠኝ። ማዳሜ ስልኬን የምትሰጠኝ ዓርብ ዓርብ ብቻ ስለሆነ በወረቀት በመጻፍህ ደግ አደረግህ። ግን አንድ ነገር ላስታውስህ። የዛሬ አራት ዓመት ትግስት የምትባል ልጅ ታማ፣ አገሬ ልግባ ብትል አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ከልክለዋት፣ የሕግ ሰው ነህ ብዬ ምን እናድርግ ስል ጻፍኩልህ። የመለስክልኝ አንድ መስመር ነው። «ጉዳዩ የእኛን ክፍል አይመለከትም።» እንደምን አለሽ የሚል እንኳን አልነበረበትም። ትግስት እንዴት እንደሆነች እስከ ዛሬ አልጠየቅከኝም። እኔም አልነግርህም።

ረቂቁን ሽንት ቤት ገብቼ በሁለት ቀን አነበብኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴን ረስተኸው ይሆናል። አንቀጽ አሥራ አራት ምንድን ነው? «አሠሪው የሠራተኛዋን ፓስፖርት ለደህንነቱ ሲባል በአደራ ሊይዝ ይችላል» ይላል። አደራ ሰው ወዶ የሚሰጠው ነገር መስሎኝ ነበር። እዚህ ከአየር ማረፊያ ስንወጣ ከእጃችን የሚወስዱትን ነገር እናንተ አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ ሕግ አደረጋችሁት?

ደግሞስ ማክሰኞ ጠዋት የትኛዋ ሠራተኛ ናት ከቤት የምትወጣ? የእኛ ቀን ዓርብ ነው፤ ያውም ከሰዓት በኋላ። ይህን የማያውቅ ሰው ነው የእኛን ሕግ የሚጽፈው?

እሠራልሃለሁ። የምሠራው ግን ለአንተ ብዬ ሳይሆን ለአንቀጽ አሥራ አራት ብዬ ነው። የሴቶቹ ስም ከአንተ እጅ እንዳይወጣ፣ ያሉትም አዳራሹ ውስጥ ሳይቀነስ እንዲነበብ በጽሑፍ ቃል ግባልኝ። ያለዚያ ቅጾችህን ለዓሣ መጠቅለያ አደርጋቸዋለሁ።

ፀዳል


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ፀዳል፤ ከልብ የሆነ ሰላምታዬ ይድረስሽ።

ቁጣሽን በወንድምነት ተቀብዬዋለሁ። ስላለፈው ጊዜ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፤ አሁን ግን ጊዜው ጠባብ ነው።

የጠየቅሽኝን ቃል እሰጥሻለሁ። ስሞቹ የሚፈለጉት ሰዎቹ እውነተኛ መሆናቸውን ለማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ከእኔ ፋይል አይወጡም። አስተያየታቸውም በመድረኩ ላይ ይቀርባል። ቀኑን መቀየር ግን አይቻልም፤ አዳራሹ ተይዟል፣ የእንግዶቹም የአውሮፕላን ትኬት ተቆርጧል። አንቀጽ አሥራ አራትም ገና ረቂቅ ነውና በእሱ ላይ የምትሉትን በነፃነት ጻፉ። ምክክር ማለት ይኸው ነው።

ቅጾቹ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሱኝ አይካተቱም። መርሻን አታስመልጪው።

ዋለልኝ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋለልኝ።

ሰላምታው ይድረስህ። ቃልህን በጽሑፍ አግኝቻለሁ፤ አስቀምጬዋለሁ።

ትናንት ዓርብ ከከተማው ዳር ሃያብለ ሰፈር በተከራየናት ክፍል ተሰበሰብን። ምን ዓይነት ክፍል እንደሆነች ልንገርህ፤ የምትጽፍለትን ሰው እወቀው። ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ነው። ለሰባት ሴት ብለን ይዘናት ሃያ አራት ሆነን ገባንባት። ውጭ በር ላይ የተቀመጡም ነበሩ። ረቂቁን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ስደርስ ሰብሪና «እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩላት።

«ይኸ የማዳም ሕግ ነው የእኛ?» አለች።

«የእኛ ነው ተብሏል።»

«እንግዲያስ የማዳም ጠበቃ ሳይሆን አይቀርም የጻፈው።»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የአጎቴ ልጅ ነው የጻፈው ብዬም አልነገርኳቸውም። አፈርኩብህ።

ከዚያ አንድ በአንድ ጻፍን። ሰብሪና ጽሕፈት ስለማትችል እኔ ጻፍኩላት፤ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ውብነሽን አታውቃትም። ረጋ ያለች፣ ካልጠየቋት የማትናገር ሴት ናት፤ ስድስት ዓመት አንድ ቤት ሠርታለች። የእጄ ጽሑፍ አያምርም ብላ እንዲህ አስጻፈችኝ፤ «አባቴ የሞተ ጊዜ ልሂድ ብዬ ፓስፖርቴን ብጠይቅ፣ ከረመዳን በኋላ አሉኝ። ከረመዳን በኋላ ብጠይቅ፣ ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው አሉኝ። ከፈተናው በኋላ ብጠይቅ፣ አሁንማ ተቀብሯል፣ ምን ልታደርጊ አሉኝ።» ይኸንን ስታስጽፈኝ ድምፅዋ አልተለወጠም።

ሀዊ ግን አልፈርምም አለች። ከሁላችንም ታናሽ ናት።

«ስሜ ወረቀት ላይ ከሄደ የሚሄደው ስሜ ብቻ አይደለም» አለችኝ።

«ቃል ተገብቶልናል» አልኳት።

«በማን?»

«በማምነው ሰው።»

አየህ ምን እንዳስባልከኝ። ሀዊ አልፈረመችም፤ ግን «ቢጠፋስ» ብላ እያንዳንዱን ቅጽ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። ሃያ ሦስት ቅጽ ነው። ሃያ ሦስቱም አንቀጽ አሥራ አራት ይውጣ ይላሉ። የመጀመሪያው የእኔ ነው።

አደራ የሚለውን ቃል አንተ ስለጀመርከው ልመልስልህ። ይኸ አደራ ነው።

ፀዳል


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋለልኝ።

ሰላምታ ልጽፍልህ ብዕር አንስቼ እጄ እምቢ አለኝ። እንዲያው ጤና ይስጥህ።

ማክሰኞ ገበያ ብዬ ወጥቼ ሆቴሉ መጣሁ። ጥበቃው የጥሪ ካርድ አምጪ አለኝ፤ በሶማልኛ ተከራክሬ፣ «ስለ እኔ ነው የሚያወሩት» ብዬ ገባሁ። የኋላው ወንበር ላይ ዘንቢሌን በእግሮቼ መካከል አድርጌ ተቀመጥኩ። ቅዝቃዜው እንደ ደጋ ነበር። ቆጠርኳቸው፤ ከሰባ በላይ ሰው ነበር፤ ከቤት ሠራተኛ እኔ ብቻ።

ጌቾ የሚሉት የኤጀንሲ ወኪል ሃያ ደቂቃ ተናገረ። ፓስፖርታችን እኛ ጋ ከሆነ እንጠፋለን፣ እንሸጠዋለን፣ ወደ የመን ጀልባ እንገባለን አለ። አንድ አሠሪ በፈረንሳይኛ እኛን እንደ ልጆቿ እንደምታይ ተናገረች። ከዚያ መድረኩን የሚመራው ሰው «የሠራተኞቹስ ሐሳብ?» ብሎ ሲጠይቅ አንተ ተነሳህ። የውብነሽን ቃል ልታነብ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አንተ ምን አልክ? «የጽሑፍ አስተያየታቸው ደርሶናል፣ በአግባቡ ይካተታል» ብለህ ተቀመጥክ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም።

እጄን አወጣሁ። አየኸኝ። አላየሁም እንዳትል፤ ዓይን ለዓይን ተገጣጥመናል። ወደ ሰብሳቢው ጆሮ ጠጋ አልክ፤ ሰብሳቢውም ጊዜ ስለገፋ ወደ ሻይ ዕረፍት እንሂድ አለ።

በሻይ ሰዓት ወደ አንተ መጣሁ። ከአለቃህ ጋር ቆመህ ነበር። «ዋለልኝ» አልኩህ። አንተ ግን «እመቤት፣ ይቅርታ፣ ለጊዜው ሥራ ላይ ነን» አልከኝ። እመቤት! እናትህ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ሁለት ዓመት ያጠብኩህን ሰው!

ይቅር። እኔን ባታውቀኝ ይቅር። እዚህ ከተማ ድረስ መጥተህ፣ ከሆቴሉ ሃያብለ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ቀን አላደርክም እንዴ? አንዷን ሴት እንኳ አላየህም። የምሠራበት ቤት ዘግይቼ ነው የገባሁት፤ ዓሣው ተበላሽቶ ነበርና የተባልኩትን ተባልኩ።

ቅጾቹ የት እንደደረሱ ጻፍልኝ።

ፀዳል


አዲስ አበባ፣ ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ፀዳል።

ሰላምታዬ ይድረስሽ። በሥራ ብዛት ምላሼ ዘግይቷል።

ደብዳቤሽ አሳዝኖኛል። አሳፍሮኛልም፤ ግን አንቺ ባሰብሽው መንገድ አይደለም። ያለ ጥሪ ገብተሽ፣ የዓሣ ዘንቢል ይዘሽ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ጋር ቆሜ ሳለሁ በስሜ ጠራሽኝ። ዘመዴ ናት ብል፣ አስተያየቱን የሰበሰበችው የባለሙያው ዘመድ ናት ተብሎ ምክክሩ በሙሉ ዋጋ ያጣ ነበር። ለእናንተው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ይህን ለመረዳት ግን ሰው ከራሱ ወጣ ብሎ ማሰብ ይኖርበታል።

ስለ ልጅነቴ ያነሳሽው ውለታ ነው፤ አልክድም። ግን በውለታ ሕግ አይጻፍም።

ቅጾቹ ተካተዋል። የምክክሩ ሪፖርት ተጠናቅቆ እንደ ደንቡ ለመድረኩ ተሳታፊዎች ሁሉ በኢሜይል ተልኳል። እኔ የሚጠበቅብኝን አድርጌያለሁ። አባቴ ሰላም ብሎሻል።

ዋለልኝ


ጅቡቲ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ዋለልኝ ሙላው፣
የሕግ ማርቀቅ ከፍተኛ ባለሙያ።

ጤና ይስጥልኝ። ከዛሬ ጀምሮ እርስዎ እልዎታለሁ። ሆቴሉ ውስጥ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ሪፖርትዎ ለተሳታፊዎች ሁሉ ተልኳል ብለው ነበር። እውነት ነው፤ ለሁሉም ደርሷል፣ ለእኛ ብቻ ሲቀር። እኛ ኢሜይል የለንም። ጌቾ ግን አለው። የዛሬ ሁለት ሳምንት ሰኞ ጌቾ የሪፖርቱን አባሪ አትሞ የውብነሽ አሠሪዎች ቤት ሄደ። የሃያ ሦስታችን ስም ከነሙሉ አስተያየታችን እዚያ ላይ አለ። ማዳሟ አማርኛ አታነብም፤ ጌቾ ቆሞ በፈረንሳይኛ ተረጎመላት። «አሁንማ ተቀብሯል፣ ምን ልታደርጊ» የሚለውን ሳይቀር።

ውብነሽ ልብስ እያሰጣች ነበር። ጠርተው «ይህን አንቺ ብለሻል?» አሏት። ብዬአለሁ አለች። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ልብሷን በፌስታል አድርገው በር ዘጉባት። ፓስፖርቷን ብትጠይቅ፣ «ለመንግሥትሽ ከሰስሽን አይደል፣ መንግሥትሽ ይስጥሽ» አሏት። ከከተማው እስከ ሃያብለ በእግሯ መጣች። የሚኒባስ ሳንቲም አጥታ አልነበረም። ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፍቷት ነው።

የጌቾን ቢሮ የምታጸዳ አንዲት ሴት የሪፖርቱን ቅጂ ከነአባሪው አመጣችልን፤ አነበብኩት። ስማችን አለ። ያልነው አለ። ከፊቱ ባለው ማጠቃለያ ግን እንዲህ ይላል፤ «ከሠራተኞች በኩል ሃያ ሦስት ተሳታፊዎች በጽሑፍ የመከሩ ሲሆን ረቂቁን በአጠቃላይ በአዎንታ ተቀብለውታል።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሀዊ ከኋላዬ ቆማ ታየኝ ነበር፤ «የምታምኚው ሰው ማን ነበር?» አለችኝ። ነገርኳት። የአጎቴ ልጅ ነው አልኳት፤ ለሁሉም ነገርኳቸው። ለሳምንት ያህል ያናገረኝ ሰው አልነበረም። አልፈርድባቸውም።

ስማችንን ለጠላታችን ሰጡ፣ ቃላችንን ገልብጠው ለምክር ቤት ላኩ። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት መሥራት መቻልዎ ይገርማል።

በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሪፖርቱ ስህተት መሆኑን፣ ሃያ ሦስቱም አንቀጽ አሥራ አራትን መቃወማቸውን ጽፈው ለተላከለት ሁሉ ይላኩ። ያለዚያ እኛ እንጽፋለን።

ፀዳል


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሮ ፀዳል፣
ጅቡቲ ከተማ።

ጉዳዩ፦ ለቀረበ ቅሬታ ምላሽ ስለመስጠት።

በቀን 24/6/2017 የተጻፈው ደብዳቤዎ ደርሶናል። ቅጾቹ በፈቃደኝነት ተሞልተው የተሰበሰቡ መሆናቸው፣ ማጠቃለያውም የመድረኩን አጠቃላይ መንፈስ የሚያንጸባርቅ መሆኑ ታውቆ ሪፖርቱን ማሻሻል አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። ሰነዶቹ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት በመሆናቸው ያለ ፈቃድ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል።

ከሰላምታ ጋር
ዋለልኝ ሙላው

ከዚህ በታች ያለው በእጄ የተጻፈ ነው። እትዬ፣ ይህን ነገር ተዪው። ስምሽ ከዝርዝሩ አንደኛ ነው። ጌቾ እስካሁን የአንቺ ቤት አልመጣ ይሆናል፤ ነገሩን ካራገብሽው የማይመጣበት ምክንያት የለም። እንደ ወንድም ነው የምመክርሽ።


ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ዋለልኝ ሙላው።

ማስፈራሪያዎ ደርሶኛል። ለሴቶቹ አነበብኩላቸው። ሰብሪና «ሰውዬው ሁለት እጅ አለው እንዴ፣ አንደኛው የመሥሪያ ቤት አንደኛው የወንድም?» አለች።

ምክር ቤት ያለው ቋሚ ኮሚቴ በዚህ ረቂቅ ላይ ሐሳብ ያለው በጽሑፍም በአካልም ያቅርብ ማለቱን በሬዲዮ ሰማን። ጽፈናል። በዚህ ጊዜ የፈረምነው አርባ አንድ ነን። ስሞቹ እንዲታወቁ የፈቀድነው ራሳችን ነን፤ ሀዊም ፈርማለች። የሃያ ሦስቱ ቅጾች ፎቶ ታትሞ ተያይዟል። የእርስዎም የኅዳር 12 ደብዳቤ ቅጂ ተያይዟል፤ «ከእኔ ፋይል አይወጡም» የሚለው ላይ አስምሬበታለሁ።

ውብነሽ ከኤምባሲው በፓስፖርት ፈንታ የይለፍ ወረቀት አግኝታ ባለፈው ሳምንት ከመርሻ ጋር ተሳፍራለች። መልእክቱን የያዘችው እሷ ናት። የጠፋባት ሥራና ስድስት ዓመት ነው፤ ከእንግዲህ የምትፈራው ነገር የላትም።

ፀዳል


አዲስ አበባ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ለእትዬ ፀዳል።

እንደምን ሰነበትሽ? ፈጣሪ ይጠብቅሽ። ይህን ስጽፍልሽ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ቋሚ ኮሚቴው ያለፈው ሐሙስ ሕዝባዊ ስብሰባ ጠርቶ ነበር። አርቃቂዎቹ ፊት ለፊት ተቀምጠናል። ውብነሽ ስሟ ሲጠራ ተነሳች። ድምፅዋ የሚሰማ አልነበረም፤ ሰብሳቢዋ ማይኩን አስጠጉላት አለች። ቅጾቹን አንድ በአንድ አነበበቻቸው፤ የራሷንም ጭምር።

ሰብሳቢዋ ወደ እኛ ዞረች። «ይህ በሪፖርታችሁ ማጠቃለያ ላይ የት አለ?» አለች። የበላይ ኃላፊያችን እኔን አየኝ። ተነስቼ «አስተያየቶችን በማጠቃለል ሂደት ውስጥ...» አልኩ። አላስጨረሰችኝም።

«ሃያ ሦስት ሰው አይሆንም ሲል፣ ሲጠቃለል እሺ ይሆናል?»

ቁጭ አልኩ። ውብነሽ ገና ቆማ ነበር። እኔን አልነበረም የምታየኝ፤ መቀመጥ ይፈቀድልኛል ወይ ብላ ሰብሳቢዋን ነበር የምትጠብቀው።

ረቂቁ ተመልሷል። አንቀጽ አሥራ አራት እንዲወጣና ከሠራተኞቹ ጋር እንደገና እንዲመከር ታዟል። ይህ እንግዲህ የፈለግሽው ነው፤ አግኝተሻል።

እኔ ግን ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርቤአለሁ። እውነቱን ልንገርሽ። «ተቃውመዋል» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ኃላፊው «እንዲህ ተብሎ ምክር ቤት ይሄዳል?» ሲለኝ ቀየርኩት። ስሞቹን ከአባሪው ማውጣት ነበረብኝ፤ በዚያ ሳምንት የሹመት ውድድር ነበረኝ፣ ዘነጋሁት። አሁን ኃላፊው እኔ አላየሁም ብሏል። አንቺ አንድ ደብዳቤ ብትጽፊልኝ፣ በቅን ልቦና ነው የሠራው፣ ስሞቹ የወጡት በእሱ ጥፋት አይደለም ብትዪልኝ፣ ቃልሽ ክብደት አለው። ልጆች አሉኝ። አባቴም ይህን ከሰማ አይተርፍም። ሥጋ ነን፣ እትዬ።

ወንድምሽ ዋለልኝ


ጅቡቲ፣ ሰኔ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ዋለልኝ ሙላው።

ሙቀቱ ገብቷል። ነፋሱ እንደ ምድጃ አፍ ነው። ለአባትዎ ጤና እለምናለሁ።

የጠየቁኝን ደብዳቤ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው በቀጥታ ልኬዋለሁ። እርስዎ የፈለጉት ዓይነት አይደለም። በቅን ልቦና ሠርቷል አላልኩም፤ ልብዎን ስለማላውቀው። ቃል መግባትዎን፣ ቃሉን ማፍረስዎን፣ ሆቴል ውስጥ አላውቅሽም ማለትዎን፣ መጋቢት ላይ በጌቾ ማስፈራራትዎን ጻፍኩ። ኃላፊዎ አስቀየረኝ ያሉትንም ጻፍኩ፤ እሱ እንዲያመልጥና እርስዎ ብቻ እንዲቀሩ አልፈልግም። የሆነው ሁሉ አለ። ይፍረዱበት። ለአጎቴም እኔው ነኝ ደውዬ የነገርኳቸው፤ ከሌላ ሰው እንዳይሰሙ። «ያቺን ውብነሽን ቤቴ ላኪያት፣ እስክትቋቋም ትቀመጥ» አሉኝ። መተሐራ ናት አሁን።

እርስዎ እንዳሉትም ጌቾ የእኔም ቤት መጣ። ማዳሜ ወረቀቱን ከእሱ ተቀብላ አሰናበተችው። የምትለኝን ሦስት ቀን ጠበቅኩ። በአራተኛው ቀን ማዕድ ቤት ገብታ ውሃ ስትቀዳ «ፓስፖርቴን እፈልጋለሁ» አልኳት። ስምንት ዓመት አብሬያት ኖሬ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም ነበር። ብርጭቆውን ጨርሳ ጠጣች። ሄደች፤ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር ካለበት መሳቢያ አውጥታ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ሌላ ቤት ፈልጊ» አለችኝ። እሺ አልኳት። ተሰናበትን ማለት ይቻላል። ትንሿ ልጅ ብቻ በሩ ድረስ ተከትላኝ መጣች።

የከፈትኩት ሃያብለ ስደርስ ነው። ሴቶቹ ከበውኛል። ጊዜው ካለፈ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ማንም አልነገረኝም። የመኖሪያ ፈቃድሽን እናሳድሳለን ይሉኝ የነበረው በምን ላይ እንደሆነ እንጃ። ሦስት ዓመት ሙሉ በአደራ ተቀምጦልኝ የነበረው ድንበር የማያሻግር ወረቀት ነው፤ እናቴ ብትታመም ኖሮ፣ አንድ ነገር ቢሆን ኖሮ፣ መሳቢያው ቢከፈትልኝ እንኳ አልደርስም ነበር። ሰብሪና ፎቶዬን አይታ «ይቺ ቆንጆ ማን ናት?» አለች። ሳቅን። ከዚያ አለቀስኩ፤ እነሱም ተዉኝ።

ለእኔ ከእንግዲህ አይጻፉልኝ። መሥሪያ ቤትዎ እንደገና ሊያማክረን ከፈለገ ለሁላችንም ይጻፍ፤ የምንመጣበትን ቀን የምንነግረው እኛ ነን።

እሑድ እዚህ የሥራ ቀን ነውና ጠዋት ኤምባሲው በር ላይ ፓስፖርቴን ለማሳደስ ሰልፍ እይዛለሁ። አዲሱ ሲመጣ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

ፀዳል